ዶሮ ያለበት ካሴት

በእኛ ግቢ አንድ ዘፈን ሦስት ስም አለው፦ «ዶሮ ያለበት»፣ «ሳል ያለበት» እና «የመምህሩ»። ግጥሙ አንድ ነው፣ ዜማውም አንድ ነው። የሚለየው ማን ቤት፣ በየትኛው ሌሊት፣ በምን ዓይነት ቴፕ እንደተቀዳ ብቻ ነው። በዚህች ልዩነት የተነሳ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይቻለሁ። ያጣላኋቸው እኔ ነኝ። ያስታረቅኋቸውም እኔ ነኝ እያልኩ አወራለሁ፤ እውነቱን ግን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ጅግጅጋ የመጣሁት በ1988 ዓ.ም. ለስድስት ወር ሥራ ነበር። ስድስት ወሩ ገና አላለቀም። ስመጣ የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ እና «እኔ እንኳ ክላሲካል ነው የምሰማው» የሚል ኩራት ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የሚል ሰው መነጽር ባያደርግም እንዳደረገ ይቆጠርለት ነበር።

በአማርኛችን ክላሲካል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዘፋኙ የቀረበት ዘፈን ነው። ቤትሆቨን ክላሲካል ነው። ዋሽንት ክላሲካል ነው። የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን በሳክስፎን ከተነፋ እሱም ክላሲካል ነው። ሆቴል ገብታችሁ ያዘዛችሁት ጥብስ ሲዘገይ የሚለቀቅላችሁ፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ቀድሞ አልቆ ደቂቃ ሲተርፍ ክፍተቱን የሚሞላው፣ ሁሉም ክላሲካል ነው። የሰው ድምፅ የገባበት ዕለት ማዕረጉ ይገፈፋል።

የእኔ ካሴት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ስለነበር ከዚህ ሁሉ አስበልጬ ነበር የማየው። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ካይሮ ድረስ ሄደው ሙዚቃ አጥንተው፣ ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም የገቡ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው ጀርመን አገር ነው። እኔ እጅ የገባው ግን ሸክላው አይደለም፤ የሸክላው ቅጂ የቅጂው ቅጂ ነው። ካሴቱ ላይ ቀድሞ የነበረው የሬዲዮ ዜናም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ገና ሲጀምር አንድ ወንድ «...ሰዓት ከሩብ ነው» ይልና ፒያኖው ይቀጥላል። ስንት ሰዓት ከሩብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሰውየው ግን ከመጀመሪያው ኖታ እኩል የሙዚቃው አካል ሆነብኝ።

አከራዬን ሰፈሩ በሙሉ «አብቲ» ይለዋል፤ በሶማልኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን «አንቱ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ሶማልኛ አንቱታ የለውም፤ የጅግጅጋ አማርኛም ብዙ አይወደውም። ስለዚህ አንተ ተባብለን ተስማማን። አብቲ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ኤንትሬ ነድቷል፣ የውኃ ቦቴ ነድቷል፣ ካራማራን በጭነት ስንት ጊዜ እንደወጣ ራሱም አይቆጥረውም። አንድ ከሰዓት የእማሆይን ፒያኖ ከፍቼ ሸሚዝ ስተኩስ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ወርያ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ክላሲካል ነው አብቲ። ፒያኖ።»

«አይደለም» አለ። «ከበን ነው። ሣጥን ውስጥ ከተውት ነው።»

ከበን የሚሉት ኡድን፣ ባለ ክሩን የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ገባኝ። የእማሆይ ጣቶች ውጭ አገር ተምረው ቢመለሱም የሚመላለሱት በእኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ነው፤ የሶማሌ ዜማም የሚሄደው በአምስት ድምፅ ነው። ሰውየው ሞዛርትን ሰምቶ አያውቅም። ጆሮው ግን የጎረቤቱን በር አይስትም።

ክላሲካል ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «የቆየ፣ ቁጭ ብለህ በጸጥታ የምትሰማው፣ ማንም ተነስቶ የማይጨፍርበት» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው እኛም አለን» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ፤ በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት ይዞ ወጣ።

የእሱ ክላሲካል ቀራሚ ይባላል። ስሙ ፍቅር ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። አንድ ኡድ፣ አንድ ድምፅ፣ አንዳንዴ ከበሮና ጭብጨባ፤ በቃ ሌላ ነገር የለውም። ብዙው የተቀዳው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ሰው ቤት ነው። ምንጣፍ ላይ ክብ ተሠርቶ ይቀመጣሉ፣ ቴፑ መሐል ይደረጋል፣ አንዱ ቀዩን ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ካሴቱ ይገባል፤ የሻይ ብርጭቆው፣ ክብሪቱ፣ በር ከፍቶ የሚገባው ሰው ሰላምታ፣ የጨዋታው «ወላሂ!» ሁሉ። የአብቲ ካሴት ላይ ደግሞ ዶሮ አለ። ዘፋኙ ሦስተኛውን ግጥም ጨርሶ ትንፋሽ ሲስብ፣ ኡዱም ለአፍታ ሲቆም፣ ከሩቅ አንድ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ኡዱ ከዶሮው ጩኸት መጨረሻ ላይ ይነሳል። ተጨዋቹ ሰምቶት እንደሆነ፣ ሰምቶም ሆን ብሎ ከእሱ እንደተቀበለ፣ ወይስ እንዲያው ገጥሞ እንደሆነ በግቢያችን ብዙ ምሽት ፈጅቷል። አብቲ አይጠራጠርም። «ዶሮው ባይጮህ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጫወቱ በምን እናውቅ ነበር?» ይላል።

አብቲ የሙዚቃ ታሪክ ላይ አንድ የጸና አቋም አለው፤ ጥሩ ዘፈን የሚወለደው ከመኪና ብልሽት ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ አብዲ ሲኒሞ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሲኒሞ ሲኒማ ማለት ነው። ከእኛ ድንበር ብዙም በማትርቀው በቦረማ በኩል ሲጓዝ መኪናው ተበላሸችበት። ሰውየው በዚያ በረሃ መሐል አጭር የፍቅር እንጉርጉሮ አወጣ። ጣጣ፣ መከራ እንደማለት «በልዎ» ተባለ፤ ከመኪና ወደ መኪና፣ ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት ተዛመተ። የሃይማኖት ሰዎች አወገዙት፤ ወጣቱ ግን ከውግዘቱ በፊት በቃሉ ይዞት ነበር። ከዚያ ረዘም ብሎ ሄሎ ሆነ፣ ኡድ ገባበት፣ የዘመናዊው የሶማሌ ዘፈን ሥር እሱ ሆነ። ይህን አብቲ ሲተርክ ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ የሾፌሮች ማኅበር የሠራው ሥራ ነውና። እኔም አንድ ጊዜ ካራማራ ላይ መኪና ተበላሽቶብኛል። ያን ዕለት ከአፌ የወጣው ነገር ግን በካሴት የሚቀዳ አልነበረም።

ኡዱን ወደ ሶማሌ ዘፈን ያመጣው አብዱላሂ ቀርሼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የተወለደው ኪሊማንጃሮ ሥር ሞሺ ከተማ ነው፣ ያደገው ኤደን፣ ስም ያወጣው ሐርጌሳ። የዘመናዊው የሶማሌ ሙዚቃ አባት ይሉታል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁደይዲ ደግሞ የኡድ ንጉሥ ይባል ነበር። ኤደን ያደገ ሰው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ለንደን ላይ ኮሮና ወሰደው። አብቲ ዶሮ ያለበት ካሴት ላይ የሚጫወተው ሁደይዲ ነው ብሎ ይምላል። ጎረቤታችን መምህሩ አይደለም ብሎ ይምላል። ካሴቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሁለቱም ደህና አማኞች ስለሆኑ መሐላቸውን ትቼዋለሁ።

ካሴቱ አብቲ እጅ እንዴት እንደገባ ነው ትልቁ ነገር። ሐርጌሳ ሬዲዮ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዞች ጊዜ፣ ሬዲዮ ኩዱ ተብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ፣ ግጥሙና ድራማው ሁሉ በሬዲዮ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ተከማቸ። በ1980 ዓ.ም. ማብቂያ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከከተማዋ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ የሬዲዮው ሰዎች ካሴቱንና ሪሉን ከፊሉን መሬት ቆፍረው ቀበሩት፤ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ እኛ አገር ተሻገረ። ሕዝቡም ተሻገረ። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ ሐርትሼክ የምትባለው የግጦሽ ሜዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች፤ የተዘጋችው በ1996 ዓ.ም. ነው። ውኃ አልነበራትም። ውኃው በቦቴ ከጅግጅጋ በኩል ይመላለስላት ነበር፤ ከቦቴ ነጂዎቹ አንዱ አብቲ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጋቢና አሳፈረ። ሰውየው ከአገሩ ሲወጣ ፍራሽ አልያዘም፣ ድስት አልያዘም፤ በፌስታል ሙሉ ካሴት ነው የያዘው። መንገዱን ሙሉ እያወጣ «ይህ እንዲህ ነው፣ ይህ ከዚህ ይሻላል» እያለ ሲያነጻጽርለት ሄደ። ከወረደ በኋላ አንድ ካሴት ወንበሩ ሥር ተገኘ።

«ረስቶት ነው» ይላል አብቲ።

«ሰርቆት ነው» ትላለች ኤዶ።

ኤዶ ሚስቱ ናት፤ የአባት እህት፣ አክስት እንደማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። የግመል ወተት ትነግዳለች፤ በግቢው ውስጥ የመጨረሻው ቃልም የእሷ ነው። አብቲ ሽማግሌውን ፍለጋ ሐርትሼክ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል፤ አላገኘውም። መጀመሪያ ሰሞን ካሴቱን ሊመልስ ነበር የሚፈልገው። ኋላ ኋላ፣ ብዙ ከሰማው በኋላ፣ የሚፈልገው እንዳያገኘው እየጸለየ እንደነበር ነግሮኛል።

መምህሩን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፣ የወሎ ሰው። ከአራቱ ቅኝታችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም መሆናቸውን ለማያውቀው ሰው ሁሉ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ይነግራል። ከሦስተኛው ቅኝት፣ ከትዝታ ጋር ደግሞ የያዘው ሌላ ነው። የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ፣ የማሕሙድ አሕመድ ትዝታ፣ የጌታቸው ካሳ ቀርፋፋውና ፈጣኑ ትዝታ፣ እያንዳንዳቸው በደብተሩ ላይ ከአሥር ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። ግማሽ ነጥብ የቀነሰበትን ምክንያት ጠይቁትና በቀይ ያሰመረበትን ያሳያችኋል። ቀራሚን የለመደው ከአብቲ ነው። የራሱን ካሴት ግን ድሬዳዋ ሱቅ ገብቶ ገዛ፤ ስቱዲዮ የተቀዳ፣ ጥርት ያለ፣ ሳልም ዶሮም የሌለበት። «የመምህሩ» የሚባለው እሱ ነው።

(በግቢያችን ጨርሶ ክርክር የማይነሳበት ዘፋኝ አንድ ብቻ ነው፤ ዓሊ ቢራ። በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሶማልኛም፣ በሐረሪም ስለዘፈነ ሁሉም የእኔ ነው ብሎ ያምናል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈ ዕለት ከአወዳይ ጫት የሚያመጣልን ልጅ፣ አብቲና መምህሩ አንድ ቴፕ ከበው ተቀምጠው ነበር። ያን ቀን ነጥብ የሰጠ የለም።)

ጠቡን ያመጣሁት እንዲህ ነው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ጫቱ ከአወዳይ ገብቶ፣ በርጫው ሞቅ ሲል፣ ሁለቱ ስለ ካሴቶቻቸው እንደ ወትሮው ጀመሩ። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ «ለምን አናወዳድራቸውም?» አልኩ። «በአንድ ቴፕ፣ ተራ በተራ፣ ጸጥ ብለን እንስማና ነጥብ እንስጥ።» ሁሉም ዝም አለ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ዝም ሲል ሐሳቡን ወዶታል ማለት ነው። መምህሩ ወዲያው ደብተሩን ከብብቱ አወጣ።

የመጀመሪያው ችግር የመብራቱ ነበር፤ ጠፋ። በባትሪ ድንጋይ ቀጠልን። ድንጋዮቹ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ነፍስ የዘሩ ናቸው። የካሴት ክር በትክክል መሄድ ያለበት በሴኮንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ድንጋዩ ሲደክም ክሩ ይዘገያል፤ ክሩ ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል። የአብቲ ካሴት ሲጀመር ዘፋኙ የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሦስተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ የ60 ዓመት ሰው ሆነ፤ ዶሮው ሲጮኽ በሬ መሰለ። መምህሩ «ቅኝቱ ወርዷል» ብሎ ጻፈ። አብቲ «ድንጋዩ ነው የወረደው!» አለ። አዲስ ድንጋይ ተገዝቶ ከመጀመሪያው ተጀመረ።

በአዲሱ ድንጋይ አንድ ነገር ጎልቶ ተሰማ። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያው የመጀመሪያ ቃሉ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያህል ስስ ሆኖ ይመጣል። ይህ የቆየ ካሴት ሕመም ነው። ክሩ ለዓመታት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ አንዱ ዙር ድምፁን በላዩ ላይ ላረፈው ዙር ያትማል፤ ስለዚህ ሰውየው ከመዝፈኑ በፊት ሲዘፍን ትሰማላችሁ። እኔ ይህን አስረዳሁ፣ ማግኔት ምናምን አልኩ። አብቲ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። ነፍሱ ቀድማ ስትገባ ነው» አለ። መምህሩ ለዚህ ግማሽ ነጥብ ጨመረ፤ ለማን እንደጨመረ ግን አልተናገረም።

ከዚያ ውጤት ተነበበ። የመምህሩ ካሴት ዘጠኝ ተኩል። ዶሮ ያለበት ሰባት ተኩል።

«ለምን?»

«ኡዱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ለዶሮው ሁለት ቀንሻለሁ።»

አብቲ ገራባውን አራግፎ ተነሳ። «ዶሮውን ከቀነስክ ሌሊቱን ቀንሰሃል» አለ። «ሌሊቱን ከቀነስክ ሰዎቹ የሉም።» ከዚያ ካሴቱን በመሐረቡ ጠቅልሎ ገባ። መምህሩም ደብተሩን አጥፎ ወጣ። አሥራ አንዱ ቀን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እኔና ኤዶ ቀረን። ኤዶ ብርጭቆ እየሰበሰበች «የእኔን ሳትሰሙ?» አለች። ካሴት እንዳላት አላውቅም ነበር። ከወተት ገንዘብ ማስቀመጫዋ ቆርቆሮ ውስጥ አወጣችው። ክሩ ላልቶ ነበር፤ በቢክ እስክሪብቶ አጠነከርኩት። ያው ዘፈን ነው። ሐርጌሳ የተቀዳ ነው፣ ከ1980 በፊት። ድምፁ ከአብቲ ካሴትም የባሰ ነው፤ ዘፋኙ ማይኩ አጠገብ ሳይሆን ማድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ሁለተኛው ግጥም ላይ ማይኩ አጠገብ የነበረ ሰው ሁለት ጊዜ ያስላል፤ ደረቅ፣ የሲጋራ ሳል። ኤዶ እዚያ ላይ እጇን አነሳች፤ አቆምኩት።

«ወንድሜ ነው» አለች።

እንዳልገባኝ አይታ «ሳሉ» አለች። ፎቶግራፉ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። የቀራት ድምፁ ይህ ነው፤ ሁለት ሳል። ምን እንደምል ጠፍቶኝ «መምህሩ ቢሰማው አሥር ከአሥር ነው» አልኳት። «ይገርመው ነበር» አለች። «በሕይወቱ በሒሳብ አሥር አግኝቶ አያውቅም።»

ዕርቁ የመጣው በስልክ ጠጋኙ ልጅ ነው። ይህ ልጅ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሜትር ተኩል የምታህል ሱቅ አለችው። አብቲ በዕድሜው ሙሉ ያልሰበሰበውን ዘፈን በዜንደር በሩብ ሰዓት ያስተላልፋል። የሐርጌሳውን ክምችት ዕጣ ፈንታ የነገረንም እሱ ነው። አሁን እዚያው ሐርጌሳ የሬድ ሲ ባህል ፋውንዴሽን ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ሰብስቦ ወደ ዲጂታል እየገለበጠ ነው። በ2009 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ከዚያ መርጦ ያወጣው «እንደ ተሰበረ ተምር ጣፋጭ» የሚል ርእስ ያለው አልበም ለግራሚ ሽልማት ታጭቶ ነበር። አብቲ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምቶ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዶሮ አለበት?»

ክሩ ተበጥሶ ሳይቀር የአብቲን ካሴት ስልክ ላይ ገልብጥልን ብዬ ለልጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ «ያስታረቅኋቸው» የምለውም ለዚህ ነው። ልጁ ገለበጠው። ሥራውን ስለሚወድ ግን በዚያ አላበቃም፤ ድምፅ የሚያጸዳ አፕ አለው፣ አጸዳው። በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ ስፒከር ይዞ መጣ። መምህሩ በአጥሩ ማዶ የሚያልፍ መስሎ ቆመ፤ ሰላም ማለት ስላልቻለ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ልጁ ከፈተው።

መጀመሪያ የተገረምነው የክሩ ሹክሹክታ አለመኖሩ ነው። ብርጭቆው የለም። ክብሪቱ የለም። ቀድማ የምትገባው ነፍስ የለችም። የኡዱ ቀጭን ክርም ትንሽ ተላጭታለች፤ አፑ ሹክሹክታውን ሲያባርር እሷንም ሹክሹክታ መስላው ነበር። ሦስተኛው ግጥም አለቀ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሳበ። ሁላችንም ሳናስበው አንገታችንን ቀና አደረግን።

ዝም።

ኡዱ ከምንም ተነስቶ ቀጠለ።

ከአጥሩ ማዶ «ዶሮው የት ሄደ?» የሚል ድምፅ መጣ። የመምህሩ ነው። ሁለት ነጥብ የቀነሰበት ዶሮ።

አብቲ መልስ አልሰጠም፤ ተነስቶ በሩን ከፈተለት። ልጁ ተደናግጦ «ችግር የለም፣ ከዩቲዩብ ዶሮ አውርጄ እጨምረዋለሁ» አለ። ይህን ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አብረው ሳቁ። አሮጌው ካሴት ወጣ፤ ድንጋዩ ተለወጠ፤ ኤዶም ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች። መምህሩ ደብተሩን አመጣ እንጂ ያን ምሽት አልገለጠውም። እስከ አሁን ድረስ በደብተሩ ላይ «ሳል ያለበት» ከሚለው ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሰባት ተኩሉ ግን አልተሰረዘም፤ የሒሳብ ሰው ነው።

ያን ምሽት ሳልተኛ ያደርኩት እኔ ነኝ። የእማሆይ ካሴት የለኝም። በ1994 ዓ.ም. ወደ ቶጎ ውጫሌ ለሚመላለስ አንድ ነጋዴ አበደርኩት፤ «ለሁለት ቀን» ብሎ ነው የወሰደው፤ ልክ እንደ እኔ ስድስት ወር። ሙዚቃው አልጠፋብኝም፤ እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ ዓለም ሁሉ እየተቀባበለ አጫውቶታል፣ ልጁም ስልኬ ላይ ሞልቶልኛል፣ ጥራቱ ግሩም ነው። ግን ከመጀመሪያው ኖታ በፊት አሁንም እጠብቃለሁ። ሰዓቱን የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁለት ሰዎች አሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አንደኛው፦ በ1980 ክረምት ሐርትሼክ መንገድ ላይ ከውኃ ቦቴ ጋቢና ወርደህ ካሴት የረሳህ ሽማግሌ፣ ወይም ልጁ፣ ወይም የልጅ ልጁ። ካሴትህ በደህና ጅግጅጋ አለ፤ አብቲ ይመልስልሃል፤ ብቻ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንዳትመጣ። ሁለተኛው፦ አንተ ነጋዴው። ካሴቱ ጥቁር ነው፣ ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፒያኖ፣ አይነካ» ይላል፤ ከጀርባው ያለችው ትንሿ ፕላስቲክ በአንድ በኩል ተሰብራለች። ሠርግ ቀድተህበት ከሆነም ግድ የለም፤ የመጀመሪያዋ ሴኮንድ ብቻ ካለች ይበቃኛል። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ አልቀየርኩም።